ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ የኅዳር ውርጭ በቂሊንጦ ሜዳ

ሀ. መንደርደሪያ

ተማሪዎች፣ ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. አገራችን ከምድር ወገብ እምብዛም አትርቅም። ታዲያ በአንዳንድ ስፍራዎች ውኃ እስከ መርጋት የሚደርስ ብርድ የሚኖረው ለምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ የሌሊቱ ብርድ የሚበረታው በየትኞቹ ወራት ነው? በክረምት ነው ወይስ በበጋ?
3. «እህሉን ውርጭ መታው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ለ. ምንባብ

ቂሊንጦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሜዳማ ስፍራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በአባቶቻችን አከፋፈል ከወይና ደጋው ምድር ይመደባል። አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። በስፍራው ፋብሪካዎች፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተሠርተዋል። በዙሪያው ደግሞ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ፤ በአቃቂ ወንዝ ዳርም አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ይኖራሉ። ስለሆነም በዚህ ስፍራ ብርድ ሲበረታ ጉዳቱ ገበሬውንም የከተማውን ነዋሪም ይነካል።

ብዙ ሰው ብርድን ከዝናብ ጋር አያይዞ ስለሚያስብ፣ ከዓመቱ ወቅቶች ሁሉ የሚበርደው ክረምት ይመስለዋል። እርግጥ ነው፤ በክረምት ቀኑ ይቀዘቅዛል። ሌሊቱ የሚከፋው ግን ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። በቀን መቁጠሪያችን ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል፤ ይኸውም ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆያሉ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን ደረቅ ወራት በአንድነት በጋ ይሏቸዋል። ውርጭ የሚወርደው በእነዚህ ወራት ሲሆን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ከሁሉም ይብሳሉ።

የውርጩ ምክንያት እንዲህ ነው። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ጊዜ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከሙቀቱ ብዙውን ወደ መሬት ይመልሰዋል። በክረምት ሌሊቱ ለዘብ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በበጋ ግን ከእስያና ከዐረብ ምድር የሚነሣ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ወደ አገራችን ይነፍሳል። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም ያንሳል። ከዚህም የተነሣ የቀኑ ሙቀት የሚይዘው አጥቶ ሌሊቱን ያመልጣል። ቀን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የዋለው ያው ሜዳ፣ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ወደሚረጋበት ደረጃ ሊወርድ ይችላል።

የመሬቱ አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው። በቀን ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ከአቃቂ ሜዳ ይልቅ የሚበርደው ስለዚህ ነው። ጸጥ ባለ የበጋ ሌሊት ግን ሥርዐቱ ይለወጣል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ከባድ በመሆኑ፣ ተዳፋቱን ተከትሎ ልክ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርድና በሜዳውና በሸለቆው ይተኛል። በመሆኑም በጎረቤት ጉብታ ላይ የተዘራው እህል ደህና ሲያድር፣ በረባዳው ላይ ያለው በውርጭ ተመትቶ ሊገኝ ይችላል። ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ሲሆን የማገዶው ጢስና የወንዙ ጉም መውጫ አጥተው በሜዳው ላይ ይቆያሉ። ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ይህን በግልጥ ማየት ይቻላል። በ1911 ዓ.ም. የደረሰውን የኅዳር በሽታ በማስታወስ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ጢሱ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ በየሰፈሩ ላይ ይተኛል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአየር ጠባይ ጣቢያ የሙቀት መለኪያው የሚቀመጠው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው። በውርጭ ሌሊት በመሬቱ ገጽ ላይ ያለው አየር ከዚህ በብዙ ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በራዲዮ «ዝቅተኛው የሙቀት መጠን 3 ዲግሪ ነው» ቢባል፣ ያ ቍጥር ለሰው እንጂ ለሽምብራው አበባ መተማመኛ አይሆንም። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የበጋውን ትንበያ ሲያወጣ፣ ስለ ሌሊቱና ስለ ማለዳው ቅዝቃዜ የሚሰጠውን ማሳሰቢያ ገበሬው በዚህ መንገድ ሊተረጉመው ይገባል።

ውርጭ ተክልን የሚገድለው ከውስጥ ነው። በቅጠሉ ውስጥ በሕዋሳቱ መካከል ያለው ውኃ ሲረጋ፣ የሕዋሳቱን ውኃ እየሳበ ያደርቃቸዋል፤ ግድግዳቸውንም ይጎዳል። ማለዳ ማሳው አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይነጣል። ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ይቀልጣል፤ ቅጠሉም በፈላ ውኃ የተነከረ ይመስል ይዝላል፤ ከዚያም ይጠቁራል። ከአትክልት ወገን ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ውርጭን ፈጽሞ አይችሉም፤ ጎመንና ካሮት ግን ይሻላሉ። ከእህል ወገን ጉዳቱ የሚወሰነው እህሉ በደረሰበት ዕድሜ ነው። የደረቀ ጤፍ ውርጭ ቢወርድበት ብዙ አይጎዳም። ዘግይቶ የተዘራና ገና እሸት የሆነ ጤፍ ግን ፍሬው ሰልሎ ገለባ ሆኖ ይቀራል። ሽምብራና ምስር በክረምቱ መጨረሻ ተዘርተው፣ መረሬው በያዘው እርጥበት የሚያድጉ ሰብሎች በመሆናቸው፣ የሚያብቡት ልክ ውርጭ በሚወርድበት ሰሞን ነው። የዓመት ቀለቡን፣ የልጆቹን ልብስና የከርሞ ዘሩን ከአንድ ማሳ ለሚጠብቅ ገበሬ፣ እንዲህ ያለው አንድ ሌሊት የዓመቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

በከተማው ወገን ደግሞ ከብርዱ ይልቅ ብርዱን ለመከላከል የሚደረገው ነገር የበለጠ አደጋ ያመጣል። የሌሊት ዘበኛው በጠባብ ጎጆው፣ የቀን ሠራተኛው በተከራየው አንድ ክፍል፣ አራስ ያለችበት ቤተሰብም በመኝታ ቤቱ ከሰል አያይዞ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል። ከሰል በቂ አየር በሌለበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሰውነት ኦክሲጅን ያጣል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ በዚያው ሊቀር ይችላል። «ጢሱ ካለቀ፣ ፍሙም ከቀላ ጉዳት የለውም» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ጢስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣል፤ ቡና ከተፈላ በኋላ በአመድ ተዳፍኖ የሚያድር ፍምም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት አረቄ ከብርድ ያድናል ማለት ነው። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ፣ ጠጪው ለጊዜው የሞቀው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሰውነቱ ሙቀት በዚያው መጠን ወደ ውጭ ይወጣል። የሰው ሰውነት ሙቀት በጤንነት ጊዜ 37 ዲግሪ ያህል ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሕይወትን ያሰጋል። ሕፃናት፣ አረጋውያንና ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ለመሆኑ ብርዱ ከዚህ እጅግ የሚብስባቸው ስፍራዎች እያሉ፣ ስለ ቂሊንጦ ብርድ ይህን ያህል መናገር ለምን አስፈለገ? የዚህ መልስ ብርድ በአደጋነቱ የሚለካው በዲግሪው ብቻ ሳይሆን በሰዎች ዝግጅትም መሆኑ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርዱ የታወቀ በመሆኑ፣ ሰው ቤቱን በድንጋይ ይሠራል፤ ከበግ ጠጕርም ባና ያሠራል። በሞቃት አገር ግን ብርድ እንግዳ ስለሚሆን ጉዳቱ ይከፋል። በየካቲት ወር 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ሞቃት ከሆኑት ግዛቶች አንዷ በሆነችው በቴክሳስ ድንገተኛ ብርድ ወርዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች የኤሌክትሪክ ኀይል አጡ። ግዛቲቱ በይፋ እንዳስታወቀችው 246 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹም መካከል በቤት ውስጥ ለመሞቅ ሲሉ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዙ ይገኙ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል ሐምሌ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ያጠቃው ውርጭ በብራዚል፣ በፓራና ግዛት የነበረውን የቡና ተክል በአብዛኛው አጠፋ። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ናረ። በአንድ አገር የወረደ ውርጭ በሌላው አገር ገበያ ላይ እንደሚታይ ከዚህ እንረዳለን።

ውርጭን ማስቀረት ባይቻልም ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥ፣ በወቅቱ መዝራት፣ ውርጭ የማይችለውንም ተክል ከረባዳው ይልቅ በተዳፋቱ ላይ ማድረግ ይገባዋል። አትክልተኛው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ከማታው በፊት መደቡን ውኃ ቢያጠጣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር ይልቅ አብዝቶ ስለሚይዝ ችግኙን ይረዳዋል። ችግኙን በገለባ ወይም በጆንያ መሸፈንም ጠቃሚ ነው፤ ማለዳ ግን ሽፋኑ መነሣት አለበት። በቤት ውስጥ ከሰል ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። በጋዙ የተመረዘ ሰው ቢገኝ በሩንና መስኮቱን መክፈት፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. በክረምት ሌሊቱ ለዘብ የሚለው፣ በበጋ ግን የሚበርደው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. ጉብታው ሳይጎዳ ረባዳው በውርጭ የሚመታበትን ምክንያት ግለጡ።
3. «ያ ቍጥር ለሰው እንጂ ለሽምብራው አበባ መተማመኛ አይሆንም» የሚለው ምን ማለት ነው?
4. በምንባቡ የተጠቀሱት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች የትኞቹ ናቸው? ስሕተትነታቸውስ በምን ተረጋገጠ?
5. የቴክሳስና የብራዚል ምሳሌዎች የቀረቡት የትኛውን ሐሳብ ለማጠናከር ነው? ሁለቱ ምሳሌዎች አንድ ዐይነት አገልግሎት ሰጥተዋልን?

መ. የቃላት ጥናት

ስለ ብርድ የሚነገሩ ቃላት ተቀራራቢ ቢሆኑም አንዱ በሌላው ቦታ ሁልጊዜ አይገባም።

ውርጭ፦ ተክልን የሚያደርቅ፣ ውኃን የሚያረጋ የሌሊት ብርድ፤ ደግሞም ከደጋ በላይ ያለ እጅግ ቀዝቃዛ ምድር።
አመዳይ፦ በውርጭ ማለዳ በሣርና በቅጠል ላይ አመድ መስሎ የሚታይ ስስ በረዶ።
ጤዛ፦ ሌሊት በሣር ላይ የሚያቈር የውኃ ጠብታ።
ቁር፦ እጅግ የበረታ ብርድ።
ቆፈን፦ ከብርድ የተነሣ የእጅ ጣት መደንዘዝና አልታዘዝ ማለት።
በረዶ፦ ከደመና የሚወርድ ወይም በብርድ የጠጠረ ውኃ።
ዋግ፦ ስንዴንና ሌላውን እህል የሚያጠቃ በሽታ። ዋግም ውርጭም እህልን «ይመታሉ»፤ ነገር ግን አንዱ በሽታ፣ ሌላው ብርድ ነው።

መልመጃ 1። ባዶውን ቦታ ከላይ ከተሰጡት ቃላት ተስማሚውን መርጣችሁ ሙሉ።
1. ________ ስለያዘው እርሳሱን መጨበጥ አቃተው።
2. የስንዴው ቅጠል ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣው ________ ስለመታው ነው።
3. ባዶ እግሩን በሣሩ ላይ ሲሄድ ________ አረጠበው።
4. ማለዳ ሜዳውን ያለበሰው ________ ፀሐይ ስትወጣ ቀለጠ።

ሠ. ሰዋስው፦ ምክንያትና ውጤት የሚገለጥባቸው መንገዶች

በምንባቡ ውስጥ ምክንያትን ከውጤቱ ጋር የሚያያይዙ ብዙ ዐረፍተ ነገሮች ይገኛሉ። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

1. «ስለ» ከግሥ ጋር፦ ሰማዩ ስለጠራ ሌሊቱ በረደ።
2. «በ» ከንኡስ አንቀጽ ጋር፦ ሰማዩ በመጥራቱ ሌሊቱ በረደ።
3. «ከዚህም የተነሣ»፣ «በመሆኑም»፣ «ስለዚህ»፦ ሰማዩ ጠራ፤ ከዚህም የተነሣ ሌሊቱ በረደ። በዚህ አነጋገር ምክንያቱ ይቀድማል።
4. «ምክንያቱም»፦ ሌሊቱ በረደ፤ ምክንያቱም ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በዚህ አነጋገር ውጤቱ ይቀድማል።

ማስታወሻ። «ስለ» ከስም ጋር ሲገባ ብዙውን ጊዜ ምክንያትን ሳይሆን የሚነገርለትን ነገር ያመለክታል፤ «ስለ ውርጭ አስተማረን» እንደሚባለው ነው።

ጥንቃቄ። «ምክንያቱም» እና «ስለ» ሁለቱም ምክንያትን ያመለክታሉ። ስለዚህ በአንድ ሐሳብ ላይ ሁለቱን ደርቦ ማስገባት የአነጋገር ጕድለት ነው።
የማይመረጥ፦ ችግኙ ደረቀ፤ ምክንያቱም ውርጭ ስለመታው ነው።
የተስተካከለ፦ ችግኙ የደረቀው ውርጭ ስለመታው ነው።
ወይም፦ ችግኙ ደረቀ፤ ምክንያቱም ውርጭ መታው።

ያልተፈጸመን ምክንያትና ያልደረሰን ውጤት ለመግለጥ ደግሞ «ቢ… ኖሮ» እና «በ… ነበር» ይገባሉ፦ አትክልተኛው ማታ ውኃ ቢያጠጣ ኖሮ ችግኙ በተረፈለት ነበር። በአሉታ ሲሆን፦ በሩ ባይዘጋ ኖሮ ሰውየው ባልተመረዘ ነበር።

መልመጃ 2። የሚከተሉትን አስተካክላችሁ ጻፉ።
1. ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ማንደድ አይገባም፤ ምክንያቱም መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ ነው።
2. ገበሬው አዘነ፤ ምክንያቱም ሽምብራው ሳያፈራ ስለቀረ ነው።

መልመጃ 3። «ዘግይቶ ዘራ። ጤፉ በውርጭ ተመታ።» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ከላይ በተሰጡት አራት መንገዶች አያይዛችሁ፣ ከዚያም በ«ቢ… ኖሮ» ለውጣችሁ ጻፉ።

ረ. ድርሰት፦ አስረጂ ድርሰት

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ ለምንና እንዴት እንደሚደርስ ለአንባቢ የሚያስረዳ የጽሕፈት ዐይነት ነው። አንባቢው ስለ ነገሩ ምንም እንደማያውቅ፣ ነገር ግን አስተዋይ እንደሆነ ቆጥራችሁ ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተለውን አስተውሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ኀይለ ቃል ብቻ ይኑረው። በምንባቡ ስለ ከሰል የተጻፈው አንቀጽ ኀይለ ቃሉን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይዟል፤ ሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮች ያንኑ ያብራራሉ።

ሁለተኛ፣ ምክንያቶቻችሁ በቅደም ተከተል ይሁኑ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ መሆኑ ካልተነገረ፣ ቁልቁል መውረዱ ለአንባቢው አይገባውም።

ሦስተኛ፣ ተከታትለው የደረሱ ሁለት ነገሮች ሁሉ ምክንያትና ውጤት አይደሉም። ዶሮ ይጮኻል፤ ከዚያም ይነጋል፤ ይሁን እንጂ የነጋው ዶሮ ስለጮኸ አይደለም። አረቄ የጠጣ ሰው «ሞቀኝ» ቢልም፣ አረቄው አሞቀው ማለት አይቻልም።

መልመጃ 4። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ምክንያትንና ውጤትን ከሚያያይዙት መንገዶች ቢያንስ ሦስቱን አስገቡ።

1. በአካባቢያችን ብርድ የሚበረታበት ወቅትና ምክንያቱ። አረጋውያንን ጠይቃችሁ የነገሯችሁን በምንባቡ ከተገለጠው ጋር አነጻጽሩ።
2. ከዝናብ፣ ከበረዶና ከውርጭ ገበሬውን አብዝቶ የሚጎዳው የትኛው ነው?
3. በሌሊት ጥበቃ ለሚሠራ በዕድሜ ለሚበልጣችሁ ዘመድ፣ ከሰል በተዘጋ ጎጆ ውስጥ እንዳያነድ የሚያሳስብ ደብዳቤ። «እርስዎ» በሚለው የአክብሮት አነጋገር ተጠቀሙ። ብርዱ እውነተኛ ችግራቸው መሆኑን ሳትዘነጉ፣ ክልከላውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንና በከሰሉ ምትክ ሊያደርጉ የሚችሉትን ጭምር አስረዱ።

ድርሰታችሁን ከፈጸማችሁ በኋላ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ሦስተኛውን ርእስ የመረጣችሁ ደብዳቤውን አርማችሁና በንጹሕ ገልብጣችሁ፣ ብርዱ ሳይበረታ ለተጻፈለት ሰው አድርሱ።